ስለ ተራራ ደን ጥበቃ፤ የእንጦጦ ምሳሌና የወጣቶች ድርሻ

የተራራ ጉዳይ የደጋው ባላገር ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ውሃ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ፣ በተራራ ራስ ላይ የተሠራው ሥራ መልካምም ቢሆን ክፉ በሜዳው ላይ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ተራራን የሚያስተዳድር ሹም ከተራራው በታች ያለውንም ሕዝብ እንደሚያስተዳድር፣ በተዳፋት ላይ ይዞታ ያለውም ሰው የጎረቤቱን እርሻና ምንጭ በእጁ እንደ ያዘ ሊያስብ ይገባዋል። ይህ ነገር በሩቅ አውራጃ ብቻ ሳይሆን በዋናው ከተማ በአዲስ አበባም በግልጥ ይታያል።

የውሃው መንገድ

በከተማው መካከል በቂርቆስ በኩል የሜክሲኮ አደባባይ ይገኛል። ስሙ የወጣለት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ለሆነችው ለሜክሲኮ መታሰቢያ ነው። አደባባዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፣ ሕንፃ ካልጋረደው፣ የእንጦጦ ተራራ ይታየዋል፤ የተራራውም ከፍታ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱም ጽኑ ስለ ሆነ፣ በእንጦጦ ላይ የዘነመው ዝናብ ከተማው ውስጥ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም።

የእንጦጦ ጀርባ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነው። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡቡ ገጽ የወረደው ግን በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎችም ወንዞች አድርጎ በከተማው መካከል ያልፋል። በፍል ውሃ አጠገብ የሚያልፈው የባንተ ይቀጡ ወንዝም ከእነዚሁ የሚቈጠር ነው። ሁሉም በአቃቂ ተሰብስበው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ በእንጦጦ ላይ አንድ ዛፍ የሚተክል ወይም የሚቈርጥ ሰው በካዛንቺስ ወንዝ ዳር የሚኖረውንም፣ በአቃቂ አትክልት የሚያለማውንም፣ በአዋሽ ሸለቆ ከብት የሚያረባውንም በአንድነት ይነካል ማለት ነው።

የደን ሥራ የሚገለጠው በዚህ ነው። ቅጠልና ቅርንጫፍ የዝናቡን ጠብታ ኀይል ይሰብራል፤ በመሬት ላይ የረገፈው ቅጠል ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይመጣል፤ ሥር ደግሞ አፈሩን ይዞ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ መንገድ ይከፍትለታል። ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራው ከተራቈተ ግን ጠብታው አፈሩን ይደልዘዋል፤ ውሃው የሚገባበት አጥቶ በላይ በላዩ ይንሸራተታል፤ አፈሩንም ይዞ ይወርዳል። ይህ አፈር ከታች ሲደርስ የወንዙን ወለል ያነሣል፣ የመንገዱን ቦይ ይደፍናል፣ ጎርፉም ወደ ሰው ቤት ይገባል። በክረምት የጎርፍ ብዛት፣ በበጋ የምንጭ መድረቅ፣ ሁለቱም ከአንድ ጥፋት የሚመጡ ናቸው።

ነገሩ የእንጨትና የሣር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያለፉት ዘመናት አስረድተዋል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች የወረደ ጎርፍ በሌሊት ድሬዳዋ ገብቶ ከ200 ሰው በላይ አጥፍቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ተንዶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞቷል፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። እንዲህ ያለውን መከራ ሁሉ ዛፍ ብቻውን ያስቀራል ማለት አይቻልም። ሆኖም ተዳፋቱን አስቀድሞ የመረመረ፣ ቤት የማይሠራበትን ለይቶ ያመለከተና አፈሩን በእርከንና በሥር ያሰረ አስተዳደር ሕዝቡን ከብዙ ጉዳት ያድናል።

የእንጦጦ ታሪክ የሚያስተምረው

በ1870ዎቹ ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በእንጦጦ ላይ ከተሙ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ ከተማውም ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ ሁሉ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እንጨት ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። ከዚህም የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብና እዚያም ሕንፃ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። አንድ መናገሻ ከተማ በእንጨት እጦት ምክንያት ሊለቀቅ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው።

ከተማውን ያቆመው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከውጭ አገር የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቈረጥ ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ፣ ቅጠሉንም ከብት የማይበላው ስለ ሆነ በከተማውና በእንጦጦ ላይ ፈጥኖ ተስፋፋ። ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥርና ለማገዶ የሰጠው ጥቅም ታላቅ ነው። ይህን ጥቅሙን የሚክድ ሰው ታሪክን አያውቅም።

ይሁን እንጂ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ሁሉ ተራራ ለመጠበቅ ይሆናል ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክልና ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ለብዙ ዘመንም ድኾች ሴቶች የረገፈውን ቅጠልና ጭራሮ እየጠረጉ፣ ከባዱን ሸክም በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ ወደ ከተማው ሲወርዱ ኖረዋል። ቅጠሉ በተጠረገ ጊዜ መሬቱ ከዛፍ በታች ሆኖ ሳለ ራቍቱን ይቀራል፤ ዝናቡም አፈሩን ይወስደዋል። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሚመስል ተራራ፣ ቀርበው ሲመረምሩት በአፈሩ በኩል የተራቈተ ሊሆን ይችላል። በዚህ ግን ሸክም የተሸከሙትን እናቶች መውቀስ አይገባም፤ እነርሱ የተሸከሙት የከተማውን እንጀራ መጋገሪያ ነው።

ይህን ጉድለት ለመመለስ የተጀመረ ሥራ አለ። በ2002 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ አቋቁመዋል፤ የአገር ተወላጅ ዕፅዋትም እዚያ ይጠበቃሉ፣ ይጠናሉ። በመስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ተከፍቷል። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ በባሕር ዛፉ ቦታ ቀስ በቀስ እንዲተኩ ማድረግ ለተራራው የሚበጅ አሳብ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጠርጎ መቍረጥ መሬቱን ለጎርፍ መስጠት ስለሚሆን፣ በተራ በተራ፣ ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ ስልት ሊሠራ ይገባዋል።

መትከልና ማሳደግ አንድ አይደሉም

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ተማሪዎችና የሰፈር ወጣቶች ችግኝ ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ። ሕዝብን በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ ማንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የአንድ ቀን ሥራ የሚጸናው ከኋላው የብዙ ዓመት ጥበቃ ሲኖረው ብቻ ነው።

ችግኝ የሚሞትበትን ምክንያት የእርሻ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ዝናብ ሳይገባ አስቀድሞ ሳይቈፈር ይቀርና በተከላው ቀን በጥድፊያ ይጫራል። ችግኙ ከነላስቲኩ ይተከልና ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ተከላው ወደ ክረምቱ መውጫ ይዘገይና ችግኙ ሥር ሳይሰድድ በጋ ይደርስበታል። ከሁሉም ይልቅ ግን ከመስከረም በኋላ የሚጠይቀው ሰው ይጠፋና አረም ይውጠዋል፣ ከብት ይግጠዋል። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ትጋት የሚቀሩ ጥፋቶች ናቸው። የሚቀሩት ግን ችግኙ የኔ ነው የሚል ሰው ሲገኝ ነው።

ወጣቶች በተራራ ጥበቃ ውስጥ የሚያስፈልጉትም ስለዚህ ነው። ወጣት የሚፈለገው ጉልበቱ ብርቱ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑ ረጅም ስለ ሆነ ነው። ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ለምሰሶ ይደርሳል። ጥድና ወይራ ግን ለቁም ነገር የሚደርሱት በብዙ ዐሥር ዓመታት ነው። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ የተከለው ጥድ ጥላ የሚሰጠው ልጁ ራሱ ሽማግሌ ሲሆን ነው። የሹም የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ የዛፉ ዕድሜ ረጅም ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ሊሞላ የሚችለው ወጣቱ ነው። ይህን ወጣት በዓመት አንድ ቀን ጠርቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ መስደድ ግን ከሞላው ጐተራ አንድ እፍኝ ወስዶ የቀረውን ለነቀዝ መተው ነው።

ጥበቃ ከድርሻ ጋራ

ለዚህ ከአገር ውስጥ የተገኘ ጥሩ ምሳሌ አለ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የጓሳ ደጋ አለ፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከፍታውም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የመንዝ ሰዎች ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው ይህን ደጋ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆን፣ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ተመርጦ ደጋውን ያስጠብቅ ነበር። ጓሳው ለብዙ ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቈያል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ በበጋ ይከፈትና ባለ መብቱ ሁሉ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ያጭዳል። ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። በዚህ ሥርዓት ምክንያት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እስከ ዛሬ ድረስ በጓሳ ይገኛሉ።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጥቶ የርስት መብት በተለወጠ ጊዜ የቀሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ የደጋውም ጥበቃ ደከመ። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ የሁሉም ቀበሌዎች ሰዎች የሚገኙበት አዲስ የጥበቃ ኮሚቴ አቋቁሞ ደንቡን መልሷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ሕዝብ የሚጠብቀው የሚካፈለውን ነው፤ መከልከል ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ሁለተኛው፣ በትውልድ የተወሰነ መብት ዘመን ሲለወጥ ይፈርሳልና፣ ዛሬ የሚሰጠው ድርሻ በትውልድ ሳይሆን በሥራ ሊሆን ይገባዋል።

በወላይታ በሁምቦ ደግሞ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ተረክበው፣ ከብት እንዳይገባበት ከልለው፣ ከቀድሞው ጉቶ የበቀለውን እየገረዙ ደኑን መልሰዋል። የተከሉት ጥቂት፣ ያዳኑት ግን ብዙ ነው። ደኑ ከአየር ለሚሰበስበው ካርቦንም ከውጭ አገር ገንዘብ ተቀብለዋል። በትግራይም መሬት ለሌላቸው ወጣቶች የተራቈተ ተዳፋት እየተሰጠ፣ ንብ እንዲያነቡበትና እንዲያለሙት የተደረገበት ሥራ ብዙ ፍሬ አሳይቷል።

ከጎረቤት አገር ከኬንያም የሚቀሰም ነገር አለ። ዋንጋሪ ማታይ በ1969 ዓ.ም. የጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴ ለባላገር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፍል ነበር። ክፍያው ግን ስለ ተተከለው ችግኝ ሳይሆን ስለ ዳነው ችግኝ ነበር። ይህች ትንሽ ደንብ ሥራውን ሁሉ ለወጠችው፤ የተከለው ሰው ራሱ ጠባቂ ሆነ። ዋንጋሪ ማታይም በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ

ከላይ ከተባለው ለአስተዳደር የሚሆን ሥርዓት ማውጣት አያስቸግርም።

1ኛ፤ ተዳፋቱ አስቀድሞ ይመርመርና በሦስት ይከፈል። ራሱ ለአገር ዛፍ ብቻ ይተው፤ ወገቡ በእርከንና በክትር ይታሰር፤ ግርጌው ለማገዶና ለምሰሶ ለሚሆን ዛፍ ይመደብ። ሕዝቡ የሚያነድደው ካላገኘ ራሱን ከመቍረጥ አይመለስም። የእርከኑም ሥራ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይምጣ እንጂ ከታች አይጀመር።

2ኛ፤ ለእያንዳንዱ የወጣቶች ማኅበር የታወቀ ወሰን ያለው መሬት በጽሑፍ ይሰጠው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንም እንዲኖር ስለሚፈቅድ፣ ሕጋዊው መንገድ የተከፈተ ነው። በጽሑፍ ያልተሰጠ መብት ሹም በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይለወጣል፤ ወጣቱም ይህን ስለሚያውቅ ልቡን አይሰጥም።

3ኛ፤ አስቀድሞ የሚመረጡት በተራራው ላይ የሚኖሩት ይሁኑ። ከተራራው እንጨት ይኖሩ የነበሩ ቤተ ሰቦች ልጆች ከሥራው ውጭ ከቀሩ፣ ቀን የተጠበቀው ዛፍ ሌሊት ይቈረጣል። ከእነርሱም ጋራ ከታች ያሉት የከተማ ወጣቶች ይጣመሩ። የሜክሲኮ አካባቢ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተግባረ እድና የንግድ ሥራ ትምህርት ሲሰጥበት የኖረ ሰፈር ነው። በእጅ ሙያ የሠለጠነ ወጣት ለችግኝ ጣቢያው የውሃ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ቀፎና አጥር ይሠራል፤ ሒሳብ የተማረውም የማኅበሩን መዝገብ ይይዛል። የወንዙን ጎርፍ ከታች የሚቀበለው የቂርቆስ ልጅ የወንዙን ራስ ሲጠብቅ ለገዛ ሰፈሩ ይሠራል።

4ኛ፤ ትምህርት ቤት ለጥበቃ ሲመደብ ለአንድ ክረምት አይመደብ። አንድ ክፍል ተማሪ በገባበት ዓመት አንድ ቦታ ተረክቦ፣ ለአራት ዓመት ተክሎ፣ አርሞና የሞተውን ተክቶ፣ ሲመረቅ ለሚከተለው ክፍል በመዝገብ ያስረክብ። ርክክቡም ሹሙና ሽማግሎች ባሉበት ይደረግ።

5ኛ፤ ዛፉ እስኪደርስ የሚገኝ ጥቅም ይታሰብበት። ከብት ተከልክሎ ሣሩ እየታጨደ ቢሸጥ፣ ቀፎ ቢሰቀል፣ የችግኝ ጣቢያ ቢቋቋምና ችግኙ ለመንግሥትና ለነዋሪ ቢሸጥ፣ ተራራውን ሊጐበኝ የሚመጣውን እንግዳ የሚመራ ወጣት ቢሠለጥን፣ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ያገኛል። ባዶ ሆድ ጥድን ሠላሳ ዓመት አይጠብቅም።

6ኛ፤ ቆጠራው ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን። ለላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው ወረቀት የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው መስከረም በሕይወት የተገኘውን ያሳይ። ለወጣቶቹ የሚሰጠው ክፍያና ምስጋናም በዚሁ ቁጥር ይመዘን። የሞተው ችግኝ ቁጥር በተገለጠ ጊዜ የሚያፍር ሹም ቢኖር፣ ቁጥሩን ለመደበቅ ሳይሆን የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ይትጋ፤ ምክንያቱ ከታወቀ በሚቀጥለው ዓመት የሚሞተው ያንሳልና።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ወሰን መለየት፣ ጽሑፍ መጻፍ፣ መዝገብ መያዝና የተሰጠውን ቃል ማክበር ነው። የዞንና የወረዳ ሹማምንት የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ጉድጓድ በሚቈፈርበት ጊዜ፣ በየግዛታቸው ያለውን ተራራ በእግራቸው ወጥተው ይመልከቱ። ከወጣቶቹም መካከል ባለፈው ዓመት የተከሉትን ጠርተው፣ የተከሉበትን ቦታ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ። ቦታውን ሊያሳይ የሚችል ወጣት ከተገኘ ለእርሱ መሬቱንና መዝገቡን ይስጡት። የሚያሳይ ከጠፋም ጥፋቱ ወጣቱን ለአንድ ቀን ብቻ የጠራው አስተዳደር ነውና፣ የዘንድሮው ችግኝ ቁጥር ከመወሰኑ አስቀድሞ የአምናው የት እንደ ደረሰ ይመርመር።